ፍርዱ ካበቃ በኋላ የሚቀጥል ቅጣት፦ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና ሥራ ፈላጊዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የሥራ ማስታወቂያ ገጾችም ሆነ ሥራ ፈላጊዎች በሚሰበሰቡባቸው ሰሌዳዎች ላይ የሚወጡትን ክፍት የሥራ ቦታዎች የሚከታተል ሰው፣ ከፖሊስ የሚሰጠው ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀት የሚጠየቅበት የሥራ ዓይነት እየበዛ መምጣቱን ሳያስተውል አይቀርም። ገንዘብ ለሚይዝ፣ መሣሪያ ለሚታጠቅ ወይም ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው ሲጠየቅ የምናውቀው ይህ ማስረጃ አሁን ለጽዳት፣ ለአትክልተኝነት፣ ለመስተንግዶና ለጭነት ሥራ ሳይቀር፣ ያውም ገና በምዝገባው ቀን፣ ከትምህርት ማስረጃና ከሥራ ልምድ ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ ሲፈለግ እናያለን። ማስረጃውን ማቅረብ ያልቻለ ሰው ስሙ ከተመዝጋቢዎች ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ ለፈተና አይቀርብም፤ ምን መሥራት እንደሚችል የሚጠይቀውም የለም።

ጡረታ እስከ ወጣሁበት ጊዜ ድረስ በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ የሠራሁ በመሆኔ፣ ይህ ወረቀት በሥራ ፈላጊዎች ሕይወት ላይ የሚያስከትለውን ከቅርብ ሆኜ ተመልክቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማስረጃው ጨርሶ አይጠየቅ ለማለት አይደለም። ሕጋችን ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ ወደ ሙሉ መብቱ የሚመለስበትን መንገድ በግልጽ አስቀምጦ እያለ፣ የቅጥር አሠራራችን ግን ያ መንገድ እንደሌለ ቆጥሮ ስለሚሠራ፣ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ያልወሰነበትን ተጨማሪ ቅጣት እየተቀበለ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

በቅድሚያ ብዙ ጊዜ ስለማይነሡት፣ ጨርሶ ስላልተፈረደባቸው ሰዎች ልናገር። ሰው በጎረቤት ጠብ፣ በገበያ ግርግር ወይም በሰፈሩ ጸጥታ በደፈረሰበት ቀን ከሌሎች ጋር ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሊገባ ይችላል። ጣቢያ ከገባ በኋላ የጣት አሻራ ይሰጣል፤ መዝገብም ይከፈትበታል። ከዚያም ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል፤ ወይም ክስ ከቀረበ በኋላ ይቋረጣል፤ ወይም ፍርድ ቤት ግራ ቀኙን ሰምቶ በነፃ ያሰናብተዋል። ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጉዳዩ አብቅቷል ብሎ ያምናል፤ በሕግም አብቅቷል። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ማስረጃ ብሎ አሻራ ሲሰጥ ግን የድሮው መዝገብ ይገኝና፣ ጉዳዩ በምን እንደተቋጨ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዐቃቤ ሕግ ወይም ከፍርድ ቤት እንዲያመጣ ይጠየቃል።

ይህን ደብዳቤ ማምጣት ለብዙዎች ከባድ ነው። የመዝገብ ቁጥሩን የማያስታውስ፣ የተያዘበትን ወር እንኳ በትክክል የማይናገር ሰው ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት ይመላለሳል። የተያዘው ሐዋሳ ወይም ጎንደር ሆኖ አሁን የሚኖረው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ፣ ደመወዝ የሌለው ሰው የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ ከየትም ፈልጎ ማግኘት አለበት። ማስታወቂያው በበኩሉ አይጠብቀውም፤ ብዙዎቹ ቀጣሪዎች ምዝገባቸውን የሚዘጉት በአምስት ወይም በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። አመልካቹ ደብዳቤውን ይዞ ሲደርስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። ቀጣሪው ይህን ሰው አልመርጥም ብሎ አልወሰነም፤ ፖሊስም ጥፋተኛ ነው አላለም። ሰውየው ሥራውን ያጣው የትኛውም አካል ሳይወስንበት ነው፤ አቤት የሚልበት ቦታ የሚያጣውም ለዚሁ ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክሱ በሂደት ላይ ያለ ሰው ይህ መብት ካለው፣ ክስ ያልቀረበበት ወይም በነፃ የተሰናበተ ሰው ከዚያ ባነሰ ሊታይ እንዴት ይቻላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ከ30 ቀናት ላልበለጠ ጊዜ ቢታሰርና ለአሠሪው በጊዜው ቢያሳውቅ ውሉ ለጊዜው ታግዶ ይቆያል እንጂ በመታሰሩ ብቻ እንዲቋረጥ አያደርግም። ሥራ ያለው ሰው በእስር ላይ ሆኖም ቦታው ሲጠበቅለት፣ ሥራ የሚፈልገው ግን ከዓመታት በፊት በተዘጋ መዝገብ ምክንያት ከበር ሲመለስ ማየት በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ወደ ተፈረደባቸው ስንመጣ ጥያቄው ይከብዳል፤ መልስ የለውም ማለት ግን አይደለም። የወንጀል ሕጉ ከተለያየ ክፍል የሚመጡ፣ በክብደትም በዓይነትም እጅግ የሚራራቁ ጥፋቶችን የያዘ ነው። በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው በመግደል የተቀጣ አሽከርካሪ፣ በአንቀጽ 665 በስርቆት የተቀጣ ወጣት፣ በአንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል የተቀጣ ንብረት ክፍል ሠራተኛና ከጎረቤቱ ጋር ተደባድቦ ለጥቂት ወራት ቀላል እስራት የተቀጣ አባወራ በአመልካች መመዝገቢያው ፊት አንድ ሆነው ይቆማሉ። ምዝገባውን የሚያካሂደው ሠራተኛ የሚያየው ማስረጃው መኖሩን ወይም አለመኖሩን እንጂ፣ ጥፋቱ ምን እንደነበረና ከሚቀጠርበት ሥራ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይደለም።

አንድ አመልካች አስታውሳለሁ። የጭነት መኪና አሽከርካሪ ሆኖ ሳለ በደረሰ አደጋ የሰው ሕይወት አልፎ፣ ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ መሪ መጨበጥ ስለከበደው ያመለከተው ለመጋዘን ረዳትነት ነበር፤ ዕቃ መቁጠር፣ መደርደርና መመዝገብ ማለት ነው። የሥራ ልምዱ መልካም ነው፣ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ስለ ዕቃ አጫጫንና አወራረድ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ለመኪና አሽከርካሪነት ቢያመለክት ያ ፍርድ መታየት ነበረበት፤ ለመጋዘን ሥራ ግን ያለፈው አደጋ ስለ እሱ ታማኝነት ወይም ትጋት አንዳች ነገር አይናገርም። ያም ሆኖ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ማስረጃ ያላቀረበ አይመዘገብም የሚል ብቻ ስለነበረ፣ ለቅጥር ኮሚቴው ያቀረብኩት ማስታወሻ ተቀባይነት አላገኘም።

የሚገርመው፣ በሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ በሚመለከት ሕጉ ይህንኑ ዝምድና መጠየቁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል ሊያቋርጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ሠራተኛው በወንጀል መፈረዱ ብቻውን በቂ ነው አይልም፤ የተፈረደበት ወንጀል ለያዘው ሥራ የማይመጥን የሚያደርገው ሆኖ መገኘት አለበት። ለማሰናበት የሚጠየቅ ዝምድና ለመቅጠር ሲሆን የሚቀርበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህም በላይ፣ አንድ ሰው በጥፋቱ ምክንያት ከሙያ መራቅ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚወስነው አካል በሕግ የታወቀ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሙያ ወይም ንግድ ከመሥራት ሊከለክለው ይችላል፤ በቀጣዩ አንቀጽ እንደተመለከተውም ክልከላው በጊዜ ሲወሰን ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ዳኛው ማስረጃውን መርምሮ፣ ተበዳዩን ሰምቶ፣ የሰውየውን ጠባይ መዝኖ ይህን ክልከላ ሳያዝ ከቀረ፣ ሰውየው እንዲሠራ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ዳኛው ያላዘዘውን ክልከላ ቀጣሪዎች ሁሉ በየፊናቸው፣ ያለ ጊዜ ገደብ፣ በአንድ መስመር ማስታወቂያ ተግባራዊ ሲያደርጉት የፍርዱን መጠን መለወጣቸው ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ትኩረት እንዲሰጠው ወደምፈልገው ነጥብ ልሂድ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ባሉት ድንጋጌዎች ስለ መሰየም፣ ማለትም የተቀጣ ሰው ወደ ሙሉ መብቱ ስለሚመለስበት ሥርዓት፣ ይደነግጋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት የተፈረደበት ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ መብቱ እንዲመለስለትና ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ጽኑ እስራት ተፈርዶበት የነበረ ከሆነ ቅጣቱ ከተፈጸመ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌሎቹ ቅጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ዓመት ማለፍ አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ የእስራት ፍርድ ያልተላለፈበት፣ ጠባዩ መልካም የነበረና የተበዳዩን ካሳ እንደ አቅሙ የከፈለ መሆኑም ይታያል።

ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ የሚከተለው ውጤት ቀላል አይደለም። ተነጥቀው የነበሩት መብቶች ይመለሳሉ፣ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕጉ በዚህ አያበቃም፤ ከተሰየመ በኋላ የድሮውን ፍርድ በክፋት እያነሣ ሰውየውን የሚነቅፍ ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ እንደሚችል፣ የተናገርኩት እውነት ነው ብሎ መከላከልም እንደማይችል ይደነግጋል። ሕግ አውጪው አንድ ሰው ካለፈ ጥፋቱ ጋር ለዘለዓለም ታስሮ እንዳይኖር ምን ያህል ተጨንቆ እንደጻፈው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ድንጋጌ አላውቅም። ባነበብኩት ቁጥር ያስደስተኛል፤ ወዲያውም ይህን የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ስንት ይሆን ብዬ አዝናለሁ።

በሥራ ዘመኔ ካነጋገርኳቸው ቅጣታቸውን የጨረሱ አመልካቾች መካከል ስለ መሰየም ሰምቶ የነበረ አላጋጠመኝም። ከማረሚያ ቤት ሲወጡ የመፈቻ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ከሁለት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ሊጠይቁት የሚችሉት መብት እንዳለ ግን የነገራቸው የለም። ጠበቃ የሚያቆሙበት ገንዘብ የላቸውም። የፈረደባቸው ፍርድ ቤት ከሚኖሩበት ቦታ የራቀ ሊሆን ይችላል። ዝዋይ ወይም ሸዋ ሮቢት ታስሮ የወጣ ሰው ከዚያ በኋላ ሠርቶ ለመኖር ሲል አገር እየቀያየረ የሚንከራተት ስለሆነ፣ የመልካም ጠባይ ምስክር የሚሆነው ቋሚ ቀበሌና ጎረቤት ማግኘቱም ያስቸግረዋል። በዚህ ላይ መልካም ጠባዩን ከሚያሳይባቸው ነገሮች ዋናው ተረጋግቶ መሥራት ሲሆን፣ መሥራት የሚችለው ደግሞ ማስረጃውን ሲያገኝ ነው። ለመሰየም ሥራ ያስፈልጋል፤ ለሥራ መሰየም ያስፈልጋል። ከዚህ መውጫው ቀጣሪዎች ጊዜው ሳይደርስም ጥፋቱን ከሥራው ጋር አነጻጽረው የሚወስኑበት አሠራር ሲኖር ነው።

ስለ ይቅርታ ያለው አለመግባባትም ብዙዎችን ጎድቷል። በአዲስ ዓመትና በሌሎች በዓላት ሰሞን በይቅርታ የሚፈቱ ታራሚዎች ቤተሰቦቻቸውን ሲያገኙ፣ መንግሥት ይቅር ስላላቸው መዝገባቸውም የጸዳ ይመስላቸዋል። የወንጀል ሕጉ ግን ይቅርታንና ምሕረትን ይለያል። በአንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አይሰርዝም፤ ሌሎች ውጤቶቹም ይቀጥላሉ። በአንቀጽ 230 የተመለከተው ምሕረት ግን ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል፤ ከመዝገብም ያሰርዛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 ተጠቃሚ የሆነ ሰውና በዚያው ዓመት በይቅርታ የተፈታ ሰው ከእስር የወጡት ተከታትለው ቢሆንም፣ ሥራ ሲፈልጉ የሚገጥማቸው ግን የተለያየ ነው። ይህን ለታራሚው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ሳይነገረው የወጣ ሰው እውነቱን የሚያውቀው ማስረጃ ሊያወጣ ተሰልፎ፣ ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቆም ነው።

በኛ አገር ከማስረጃው ጎን የሚቆም ሌላም ግዴታ አለ፤ እሱም ተያዥ ነው። ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሾፌርና ጥበቃ ለመሆን ቋሚ ደመወዝ ያለው ወይም ንብረት ያለው ሰው እንዲዋስ ይጠየቃል። ታስሮ ለወጣ ሰው ተያዥ ማግኘት እጅግ ከባድ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ዘመዱ ወይም የቀድሞ አለቃው ፈርሞ በደመወዙ ሲዋሰው፣ ያ ሰው ከማንም በላይ አውቆትና አምኖት ነው። ቀጣሪው ጉዳት ቢደርስበት የሚጠይቀው ዋስ በእጁ እያለ፣ ዋሱ ያመነውን ሰው በወረቀት ምክንያት ብቻ መመለሱ ከጥንቃቄ ያለፈ ይመስለኛል።

የቀጣሪዎችን ስጋት አቃልዬ አላየውም። ሕፃናት የሚውሉበት ትምህርት ቤትና መዋያ፣ አረጋውያንና ሕሙማን የሚጠበቁበት ቤት፣ መሣሪያ የሚያዝበት የጥበቃ ሥራ፣ የሕዝብ ገንዘብ የሚቆጠርበት መስኮት ጥብቅ ማጣራት ያስፈልጋቸዋል። በሕፃን ላይ ወሲባዊ ጥቃት አድርሶ የተፈረደበት ሰው አስተማሪ ወይም የትምህርት ቤት መኪና ረዳት እንዳይሆን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ማንም ወላጅ ሊደራደር አይችልም፤ እኔም አልደራደርም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩልም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 እምነት ማጉደልን፣ ስርቆትንና ማታለልን በስም ጠቅሶ ነበር፤ የጥፋቱ ዓይነት ተለይቶ መጠቀሱ ቢያንስ ሕግ አውጪው የትኛው ጥፋት ከሕዝብ አገልግሎት ጋር እንደሚጋጭ ማሰቡን ያሳያል። እኔም የምጠይቀው ይህ ማሰብ ወደ ግል ቀጣሪዎችም እንዲደርስ ነው።

ከኃላፊዎች ጋር በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ፣ ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል የሚል ነበር። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ነው፤ የፈረመው ሰው ስም ፋይሉ ውስጥ ይቀራልና። መልሱ ግን ሁሉንም መከልከል ሊሆን አይችልም። የጽሑፍ መመዘኛ ያለው ድርጅት፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ፣ ከሥራው ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ከተፈጸመ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ፣ አመልካቹ በዚያን ጊዜ ስንት ዓመቱ እንደነበረና ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠራ እንደቆየ መርምሮ በቃለ ጉባኤ የወሰነ ኮሚቴ፣ አንድ ነገር ቢደርስ እንኳ በምን ምክንያት እንደወሰነ ማሳየት ይችላል። ሳይጠይቅ የሚከለክለው ኮሚቴ ከኃላፊነት የዳነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ጥሩ ሠራተኛ አጥቷል፤ ለአካባቢውም ሥራ የሌለው ተስፋ የቆረጠ ሰው ትቶለታል።

ይህ ዓይነት አሠራር በሌሎች አገሮች የተሞከረ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ መሠረት 11 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ፣ በሕጉ ከተለዩት ሥራዎች በስተቀር፣ ለአመልካቹ በቅድመ ሁኔታ እቀጥርሃለሁ ሳይለው በፊት ስለ ወንጀል ፍርድ ሊጠይቀው አይችልም። ተይዞ ስላልተፈረደበት ጉዳይ ደግሞ ጨርሶ አይጠይቅም። ፍርዱን ካወቀ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ምክንያቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ አመልካቹም ለከተማው የሰብአዊ መብት መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ብዙዎቹ ፍርዶች የተወሰነ ጊዜ ሲያልፋቸው ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይመላለስ በራሳቸው ጊዜ እንዲያበቁ ያደርጋል፤ ከሕፃናትና ከሕሙማን ጋር ለሚሠሩት ግን ጥልቅ ማጣራቱን አስቀርቷል ማለት አይደለም።

የማስረጃው ጥያቄ በሥራ ፈላጊ ላይ ያለውን ክብደት በቁጥር ካሳዩት አንዷ አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዴቫ ፔጀር ናት። በሚልዋኪ ከተማ ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናቷ፣ ብቃታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ወጣቶች ለተመሳሳይ ሥራዎች እንዲያመለክቱ አደረገች፤ ልዩነታቸው አንዱ የእስራት ታሪክ አለኝ ማለቱ ነበር። ከነጮቹ መካከል ታሪክ የሌላቸው 34 ከመቶ ተመልሰው ሲጠሩ፣ አለኝ ያሉት የተጠሩት 17 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከጥቁሮቹ ደግሞ ታሪክ የሌላቸው 14 ከመቶ፣ አለኝ ያሉት 5 ከመቶ ተጠርተዋል። በኋላ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ፣ ጥያቄውን ከቅጹ ላይ ማንሣት ብቻውን አይበቃም፤ መጠየቅ የተከለከሉ ቀጣሪዎች በዘር ወደ መገመት ስለሚያዘነብሉ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፍቶ ተገኝቷል። ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስረጃው ስለቀረ ብቻ፣ ቀጣሪው በሥራ ልምድ መካከል የታየውን ክፍተት፣ የሰፈሩን ስም ወይም የመጣበትን ክልል አይቶ መገመት ከጀመረ፣ ከአንዱ በደል ወደ ሌላው ተሸጋገርን ማለት ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው የሚቀርብበት ጊዜና የሚመዘንበት መንገድ አብሮ መስተካከል አለበት የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያልተቀጠሩ አመልካቾች ያስገቧቸው ማስረጃዎች፣ የፖሊሱን ወረቀት ጨምሮ፣ በየድርጅቱ ካዝናና መደርደሪያ ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጡ አይቻለሁ። ማንም መዝጊያውን የሚከፍት ሰው የማያውቀውን ሰው ታሪክ ሊያነብ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይያዝ የሚጠይቅ ነው። የቅጥር ክፍሎች ሥራው ሲጠናቀቅ ያልተቀጠሩትን ማስረጃ የመመለስ ወይም የማስወገድ ግዴታቸውን ከአሁኑ ሊያውቁት ይገባል።

የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በተዘጉ፣ በተቋረጡና በነፃ በተሰናበቱ መዝገቦች ላይ በመካከላቸው መረጃ ቢለዋወጡ፣ ዜጋው በሁለቱ መካከል ደብዳቤ እየተሸከመ መመላለሱ ይቀራል። በምሕረት ወይም በመሰየም የተሰረዘ ፍርድ በማስረጃው ላይ በምንም መልኩ እንዳይታይ የሚያረጋግጥ ግልጽ መመሪያ ያስፈልጋል። ማረሚያ ቤቶች ለሚፈታ ሰው ሁሉ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ለመሰየም ማመልከት እንደሚችልና ምን ምን ማሟላት እንዳለበት በጽሑፍ፣ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በቃል ቢያሳውቁ ትልቅ እገዛ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ማመልከቻውን በመጻፍ ቢተባበሩ፣ ለተማሪዎቻቸውም ጥሩ ትምህርት ይሆናል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ደግሞ ማስረጃው የሚጠየቀው አመልካቹ ፈተናውን አልፎ ከተመረጠ በኋላ እንዲሆን፣ ለማምጣትም በቂ ቀናት እንዲሰጠው፣ በፍርድ ምክንያት የሚመለስ ሰውም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲነገረው የሚያደርግ መመሪያ ቢያወጣ፣ ቅን የሆኑ ቀጣሪዎች ለመፈጸም የሚቸገሩ አይመስለኝም።

ከጋዜጣችሁም የምጠይቀው አለ። የሥራ ማስታወቂያ የምታትሙበት ገጽ ብዙ ሥራ ፈላጊ በየሳምንቱ የሚያነበው ገጽ ስለሆነ፣ ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ 232 እስከ 237 ያሉትን ድንጋጌዎች ከአጭር ማብራሪያ ጋር በዚያው ገጽ ላይ ብታወጡልን፣ መብታቸውን ሳያውቁ ለሚንከራተቱት ሰዎች በቀጥታ ይደርሳቸዋል። በፌዴራል ፖሊስና በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል፣ ተይዞ ያልተፈረደበት ሰው ማስረጃውን ለማግኘት ዛሬ በትክክል ምን ማቅረብ እንዳለበትና መዝገቡ ከሌላ ክልል ከሆነ ከሚኖርበት ከተማ ሳይንቀሳቀስ መጨረስ የሚችልበት መንገድ መኖር አለመኖሩን ጠይቃችሁ መልሳቸውን በዚሁ ዓምድ እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

ጡረታ የወጣ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ
አዲስ አበባ